የዶለዶመ ቢላዋ ይዤ ወደ ምን አለሽ ተራ

ውድ አንባቢ፥ ይህን ጽሑፍ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ማድ ቤት ብቅ ይበሉና ቢላዋዎችዎን ይቁጠሩ። ሦስት ወይም አራት፣ ምናልባትም አምስት ያገኙ ይሆናል። ለመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ የበሰለ ቲማቲም ሳይጨፈልቅ የሚቆርጠው ስንቱ ነው? ሥጋ ሲቆርጡበት እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ የማይመላለሰውስ ስንቱ ነው? በብዙዎቻችን ቤት መልሱ «አንዱም» የሚል እንደሚሆን አልጠራጠርም። በእኔም ቤት መልሱ ይኸው ነበር።

የእንጀራ ምጣድ ሲሰነጠቅ ወይም ድስት ሲበሳ ወዲያውኑ መላ እንፈልጋለን። ቢላዋ ሲዶለዱም ግን እንዲህ አናደርግም። ችግሩ ቀስ በቀስ የሚመጣ ስለሆነ ክንዳችን ይለምደዋል። ዛሬ ትንሽ ጫን፣ ነገ ደግሞ ይበልጥ ጫን እያደረግን ዓመቱን እንገፋለን። በእኔ ቤት ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ቢላዋዎቼን ሆን ብዬ አላስልም ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና እናቴ «ልጅ ባለበት ቤት ስል ነገር አይቀመጥም» ይሉ ነበር። እኔም ይህን ቃል እንደ ጥሩ ምክር ይዤ፣ ቢላዋዬ ሽንኩርቱን ባይቆርጥም ልጆቼን አይቆርጥብኝም በሚል ሐሳብ እየተጽናናሁ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

መሳሳቴን ያወቅሁት በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ፣ በቅዳሜ ሹር ዕለት ነው። እንደሚታወቀው የዶሮ ወጥ ሥራ የሚጀመረው ከሽንኩርቱ ነው። ያን ጊዜ 11 ዓመት የሞላት ሴት ልጄ «ዘንድሮ ሽንኩርቱን እኔ ነኝ የምከትፈው» ብላ ከጎኔ ተቀመጠች። አንዱን ኪሎ እንኳ ሳትጨርስ ቢላዋው ከሽንኩርቱ ላይ ተንሸራተተና የግራ እጇን ሌባ ጣት አገኘው። በአቅራቢያችን ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይዣት ሮጥኩ። ጣቷ በ3 ስፌት ተያዘ። ቁስሉን ያጠበችው ነርስ ቀና ብላ አየችኝና፥

«እናቷ፣ ቢላዋው ዱልዱም ነበር አይደል?» አለችኝ።

እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት፣ «ስል ነገር የቆረጠው ቀጥ ያለ ነው፤ ይኼ ግን እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው» ስትል መለሰችልኝ።

የልጄ ጣት በሁለት ሳምንት ዳነ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቢላዋ አልነካም አለች። ዳቦ ቁረጪ ስትባል በእጇ ቆርሳ ታመጣ ነበር። ማድ ቤት ስትገባም ቢላዋው ያለበትን ቦታ አይታ በሌላ በኩል ታልፋለች። እኔ ደግሞ ያን ባየሁ ቁጥር በገዛ እጄ አስቀምጬ ያቆየሁት ዱልዱም ብረት ትዝ ይለኛል።

ነገሩ ሲታሰብ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስል ቢላዋ የሚሠራው በስለቱ ነው። ዱልዱም ቢላዋ ግን የሚሠራው በክንድ ጉልበት ነው። ጉልበት የተጫነበት ብረት ካመለጠ ማቆሚያ የለውም፤ የሚያርፈውም ሽንኩርቱን በያዘው እጅ ላይ ነው። ስል ቢላዋም ያልተጠነቀቀውን ሰው ይቆርጣል፤ ይሁን እንጂ ቀለል ባለ እጅ ስለሚያዝ ወደምንመራው ይሄዳል። በዚህ ላይ ዱልዱም ቢላዋ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚጨፈልቀው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ይወጣል። ስለሆነም በበዓል ዋዜማ ከምናፈሰው እንባ ከፊሉ የሽንኩርቱ ሳይሆን የቢላዋው ጥፋት ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጠዋት፣ ያን ጥፋተኛ ቢላዋ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ዘምቢል ውስጥ ከተትኩና ወደ መርካቶ ጉዞ ጀመርኩ። እርስዎም ይከተሉኝ።

የመርካቶን ታሪክ በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ የጣልያን ወራሪ ጦር አዲስ አበባን ይዞ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የከተማው ዋና ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ፣ ለአገሬው ሕዝብ ወደ ተከለለው ወደ አሁኑ ሥፍራ እንዲዛወር ተደረገ። «መርካቶ» ማለትም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ። ገበያውን ግን ሕዝቡ የራሱ አድርጎ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ እያለ ለየመንደሩ የራሱን ስም አወጣለት።

ከታላቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ከታክሲ ወርጄ፣ ሸክም የተሸከሙትን እያሳለፍኩና ከሚገፋ ጋሪ እየሸሸሁ «ምን አለሽ ተራ በየት ነው?» እያልኩ ጠየቅሁ። ሥፍራው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የመዶሻው ድምፅ በየአቅጣጫው ስለሚያስተጋባ መንገድ የጠፋበት ሰው ጆሮውን ተከትሎ ሊደርስ ይችላል።

የተራው ስም «ምን አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። መልሱም «ሁሉም አለ» የሚል ይመስላል። «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈራችን የሚዞሩት ልጆች የሚገዙን የተበሳ ድስት፣ ያረጀ ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳና የዛገ ብረት መጥቶ የሚያርፈው እዚህ ነው። አንዱ በርሜል ቀዶ የከሰል ምድጃ ይሠራል። ሌላው ቆርቆሮ አቃንቶ የምጣድ ክዳን ያወጣል። ከእኛ ቤት አርጅቶ የወጣ ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ ቤታችን የሚገባው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ቢላዋና ማጭድ ደርድረው ከተቀመጡት መካከል ወደ አንድ በዕድሜ የገፉ ቀጥቃጭ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልስጥሽ፣ ልጄ?»

«ልገዛ አይደለም፤ ላሳይዎ ነው የመጣሁት» ብዬ ጨርቁን ፈታሁት።

ሽማግሌው ቢላዋውን ተቀብለው ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ነይ፣ በዚህ በኩል እይው» አሉኝ። ባየሁት ጊዜ በስለቱ ላይ ከእጀታው አንሥቶ እስከ ጫፉ ድረስ ቀጭን ነጭ መሥመር እዚህም እዚያም ያበራል። «የሚያበራው የዶለዶመው ነው። ስል ቢላዋ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ የለውም» ሲሉ አስረዱኝ። ውድ አንባቢ፥ ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም። ስለቱን በጣትዎ ከመዳበስ ይልቅ በመብራት ሥር ይዩት።

«ታዲያ አዲስ ልግዛ?» አልኳቸው።

«ለምን ብለሽ? ብረቱ ጥሩ ነው። የጎደለው እጅ ነው።»

እሳቸው የሚሠሯቸው ቢላዋዎች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚወጡ ናቸው። ባሌስትራ የጭነት መኪናን ክብደት ተሸክሞ ሲጎብጥና ተመልሶ ሲቃና የሚኖር ብረት በመሆኑ ለቢላዋ ይስማማል። በእሳት ግሎ ይቀጠቀጣል፤ ቅርጹን ከያዘ በኋላ እንደገና ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። በመጨረሻም እንዳይሰባበር በመጠኑ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ድካም የተደከመው በስለቱ ላይ ላለችው ለዚያች ቀጭን መሥመር ነው።

ከጎናቸው አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ብረት ይሞርዳል፤ የእሳቱ ፍንጣሪ እንደ ርችት ይበተናል። «ይኼኛው አይፈጥንም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይፈጥናል፤ ቢላዋውንም ቶሎ ይጨርሰዋል» አሉኝ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ድንጋዩ ያለ ውኃ በፍጥነት ሲሽከረከር ቀጭኑ ስለት በቅጽበት ይግላል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ በእሳት ያገኘውን ጥንካሬ በእሳት አጣው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቢላዋ ዛሬ ቢቆርጥ ብዙም ሳይቆይ ይዶለዱማል። ስለሆነም ቢላዋዎን በዚህ ዓይነት መኪና የሚያስሞርዱ ከሆነ፣ ሞራጁ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ መንከሩን ልብ ይበሉ።

ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ሽማግሌው ስለ ልጅነታቸው አነሡ። «አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። እኛ አገር ማረሻውንም ቢላዋውንም ይፈልጉታል፤ ከሠራው ሰው ጋር ግን አብረው አይበሉም ነበር» አሉኝ። ይህን የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ማጭዱን በሞረድ እየገዘገዙ፣ ቀና ሳይሉ ነው የተናገሩት።

የተናገሩት እውነት ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ይሁን እንጂ ስድቡ ከሰው አፍ ጨርሶ አልጠፋም። ወደ ቤቴ ስመለስ ይህን አሰላስል ነበር። በንቀት ያየነውን ሙያ አንማረውም። ያልተማርነው ሙያ ደግሞ አንድ ቀን በልጃችን ጣት ያስከፍለናል።

በማድ ቤታችንም ቢሆን ሁኔታው ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ የምትይዘው እናት ሆና ሳለች፣ መሳሉን የወንድ ሥራ ነው ብላ ባል ወይም ወንድም እስኪመጣ ትጠብቃለች። ወንድ የሌለባት ደግሞ ስትገዘግዝ ትኖራለች። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ ወንድ «ባክህ እረድልኝ» ስትል የምናያት እናት በየሰፈሩ አለች። ማረዱን ልማድ ለወንድ ሰጠው እንበል። መሳሉን ግን ማን ከለከለን?

መሳያ ድንጋዩን የገዛሁት ከዚያው አካባቢ፣ መቀስና ሞረድ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ነው። 180 ብር ከፈልኩ። ድንጋዩ ከእጅ መዳፍ ትንሽ ረዘም ያለ፣ በአንድ ወገን ሻካራ፣ በሌላው ለስላሳ ነው። ሲገዙ እንዳልተሰነጠቀና ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑን ይዩ። ቁጥር ተጽፎበት ከሆነ፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ድንጋዩ እየለሰለሰ ይሄዳል። ለማድ ቤት ቢላዋ በሻካራው ወገን 400 አካባቢ፣ በለስላሳው 1000 አካባቢ ይበቃል። ሴትዮዋ ድንጋዩን ጠቅልላ ስትሰጠኝ «እትዬ፣ ሰው ድንጋዩን ይገዛል፣ ውኃውን ይረሳል» አለችኝ። እኔም አልረሳሁም፤ እርስዎም አይርሱ።

እንግዲህ ወደ ማድ ቤታችን እንመለስና አሠራሩን አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያ ድንጋዩን ለ10 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የአየር አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ጠግቧል ማለት ነው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አጥፈው ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉና ሻካራውን ወገን ወደ ላይ አድርገው ድንጋዩን በላዩ ያኑሩት። ጨርቁ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በሥራው መካከል ድንጋዩ ሲደርቅ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ውኃው የብረቱን ብናኝ እያጠበ የድንጋዩ ቀዳዳ እንዳይደፈን ያደርጋል። የምግብ ዘይት ግን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ እየተለጠፈ ድንጋዩን ያበላሸዋል።

ዋናው ቁም ነገር የቢላዋው አያያዝ ነው። ቢላዋው በድንጋዩ ላይ ተጋድሞም ሆነ ቆሞ አይሳልም። ጀርባው በመጠኑ ከፍ ማለት አለበት። ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ለሆነ ቢላዋ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሴንቲሜትር ከሩብ ያህል ያንሡት፤ ይህም 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ካቆሙት ስለቱን ያደነዝዙታል፤ ካጋደሙት ደግሞ ጎኑን ይቧጥጡታል እንጂ ስለቱ ድንጋዩን አይነካም። ያነሡትን ከፍታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለውጡ መያዝ ነው ሙያው።

ቀጥለው በቀኝ እጅዎ እጀታውን ይያዙ፣ የግራ እጅዎን ጣቶች በቢላዋው ጎን ላይ ያሳርፉ። ከድንጋዩ ላይ ስስ ቅርፊት የሚያነሡ ይመስል ስለቱን ወደፊት እየገፉ፣ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ሙሉው ስለት ድንጋዩን እንዲነካ ያድርጉ። አይቸኩሉ፤ አይጫኑም። 10 ጊዜ ያህል ከገፉ በኋላ ጣትዎን ከቢላዋው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ በቀስታ ያንሸራቱና በተቃራኒው ጎን ጠርዝ ላይ ሻከር የሚል ነገር መኖሩን ይፈትሹ። በስለቱ ርዝመት ጣትዎን ፈጽሞ አያስኪዱ። ያ የሻከረው ነገር ወደ ሌላው ጎን የታጠፈ ስስ ብረት ሲሆን፣ ድንጋዩ እስከ ስለቱ ጫፍ መድረሱን ያመለክታል። እስኪሰማዎ ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያ ቢላዋውን ገልብጠው ሌላውን ወገን በዚያው ልክ ይሳሉት።

ሁለቱም ወገን ሲደርስ ድንጋዩን ገልብጠው በለስላሳው ፊት ላይ ይህንኑ ይድገሙ። አሁን እጅዎ ይበልጥ ይቅለል፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን እያፈራረቁ ያ የታጠፈ ስስ ብረት እስኪጠፋ ድረስ ይሳሉት። በመጨረሻ ቢላዋውን በሳሙና አጥበው ያድርቁት። ፈተናውም ቲማቲም ነው። ሳይጫኑት ቆዳውን ከከፈተ ሥራዎ ተሳክቷል። ጥርሳም የዳቦ ቢላዋ ግን በዚህ መንገድ እንደማይሳል ይወቁ።

መሳያ ድንጋይ እስኪገዙ ድረስ የስኒ ቂጥ ይረዳዎታል። ስኒውን ቢገለብጡት ከሥሩ ዙሪያውን ያለመስተዋት ልባስ የቀረ ሻካራ ቀለበት ያገኛሉ። አርጥበውት በዚያው አያያዝ ቢላዋውን ጥቂት ጊዜ ቢያስኬዱበት የዕለቱን ሽንኩርት ያስከትፍዎታል። ያለቀለትን ዱልዱም ግን አያድንም።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልመልስዎ። በመጀመሪያው ቀን አልሆነልኝም። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ቲማቲሙን ብሞክረው እንደ ድሮው ጨፈለቀው። ያን ጊዜ ሽማግሌው የነገሩኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ስለቱን ጥላሸት ቀቢው። ድንጋዩ የነካውን ቦታ ጥላሸቱ ይነግርሻል» ብለውኝ ነበር። ጥላሸት ፍለጋ ድስቶቼን ሳገላብጥ ልጄ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበርና፥

«እማዬ፣ ማርከር አይሆንም?» አለችኝ።

ሰማያዊ ማርከሯን ከቦርሳዋ አመጣች። ስለቱን ከሁለቱም ጎን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቢላዋው በጨርቅ ላይ ተጋድሞ ሳለ ጎንበስ ብላ የመረመረችው ግን እሷ ነበረች። አምስት ጊዜ ገፍቼ ባሳያት «ላይ ላዩን ነው የለቀቀው፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ አለ» አለችኝ። ጀርባውን ጥቂት ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «አሁን ጠርዙም ለቀቀ። ጫፉ ጋ ብቻ ቀረ» አለች። እንዲህ እያልን እኔ እየገፋሁ፣ እሷ እየተቆጣጠረች አንዱን ቢላዋ ጨረስነው። ያን ቀን ቢላዋውን አልያዘችም፤ እኔም ያዢ አላልኳትም።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሰላጣ ልሠራ ቲማቲም አጥቤ ነበር። ልጄ መጥታ «አንዱን ልቁረጠው?» አለችኝ። የግራ እጇን ጣቶች ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ቢላዋው በጣቶቿ አንጓ ላይ ተደግፎ እንዲወርድ አሳየኋትና ከአጠገቧ ቆምኩ። ቢላዋው ያለ ጉልበት ወረደ። ቀና ብላ አየችኝና ሁለተኛውን አነሣች።

ውድ አንባቢ፥ ስለትን መሳል ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ያስፈልጋል። ሳህን፣ የብረት ትሪና እምነ በረድ ላይ መቁረጥ ስለቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ የእንጨት መክተፊያ ይጠቀሙ። ቢላዋን በሳሙና ውኃ ውስጥ ደብቀው አይተዉ፤ ሳታይ እጇን የምትከት ሰው ትቆረጣለች። ከማንኪያና ከሹካ ጋር ተደባልቆም አይቀመጥ። በጨርቅ ወይም በካርቶን ሸፍነው ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ያኑሩት። እናቴም «ልጅ ባለበት ቤት ስል ነገር አይቀመጥም» ሲሉ ምናልባት ይህን ማለታቸው ይሆናል። እኔ ግን ከፍ አድርጎ ማስቀመጡን ትቼ ማዶልዶሙን ያዝኩ።

በወር አንድ ቀን፣ ደመወዝ የተቀበሉ ሰሞን ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ለቢላዋዎችዎ ይመድቡ። ልጆችዎም፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ አጠገብዎ ቁጭ ብለው ይዩ። ለዛሬ በዚሁ እንሰናበት። ማታ መብራት ሲበራ ግን ያን ቢላዋ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ይዩት። ነጭ መሥመር ካበራ፣ የልጅዎ ጣት ከመድረሱ በፊት ድንጋዩ ይድረስለት።